ለአንዲት የባሕር ዳር ፊዚዮቴራፒስት ምስጋና፤ ጀሶ ፈትቶ እግሩ ወይም ትከሻው አልታዘዝ ላለው ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የባሕር ዳርና የአካባቢዋ ወገኖች። ይህን የምንጽፈው በአጥንት ሕክምናና በፊዚዮቴራፒ የምንሠራ ጥቂት ባልደረቦች ነን። ታካሚ ስንልክላት፣ ታካሚው ለክትትል ሲመለስም የእጇን ሥራ ስናይ የቆየናትን አንዲት ፊዚዮቴራፒስት በአደባባይ ማመስገን ይገባናል። ስሟ እንዲወጣ ስላልፈለገች አንጽፈውም፤ ስልኳን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልንና እሷን አስፈቅደን እንሰጣለን። «ጎበዝ ናት፣ ሂዱላት» ብሎ ማለፍ ግን ለማንም አይጠቅምም፤ በከተማችን እጅና እግር የሚያሽ ሞልቷል። ስለዚህ ምን እንደምትሠራና ለምን እንደዚያ እንደምትሠራ እንናገር።

እሷ ዘንድ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚገርመው ቶሎ አለመነካቱ ነው። «የት ያምዎታል?» ካለች በኋላ «ምን ማድረግ ነው ያቃተዎት?» ትላለች። መልሱ በዲግሪ አይመጣም። መስገድ አቃተኝ፣ ሽንት ቤት ቁጢጥ ማለት አቃተኝ፣ መቀነቴን ከኋላ መያዝ አቃተኝ፣ ምጣዱ ማዶ ድረስ ሊጥ ማዞር አቃተኝ ነው የሚባለው። ልኬቱን የምትጀምረው ከዚያ ተነስታ ነው። ለምሳሌ ሳይክል ለመንዳት ጉልበት ወደ 110 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት፤ 80 ላይ የቆመ ጉልበት ፔዳሉን ዙር አያስጨርስም፣ ኮርቻ ከፍ ማድረግም ጥቂት ነው የሚያግዘው። በሳይክል ሥራ ለሚመላለስ የባሕር ዳር ሰው ሕክምናው የሚያልቀው ሕመሙ የጠፋ ቀን ሳይሆን ያ ቁጥር የተገኘ ቀን ነው።

ቁርጭምጭሚትን ሜትርና ግድግዳ ብቻ ይዛ ትለካዋለች። ታካሚው ባዶ እግሩን ግድግዳ ፊት ይቆማል፤ ተረከዙ ከወለሉ ሳይነሳ ጉልበቱን አጥፎ ግድግዳውን ያስነካል። እግሩን ወደ ኋላ እያራቀች ጉልበቱ ለመጨረሻ ጊዜ የነካበትን ቦታ ታገኝና ከአውራ ጣቱ እስከ ግድግዳው ያለውን ትለካለች። ሁለቱንም እግር ነው የምትለካው፤ መመዘኛው ጤነኛው እግር ነውና። የ1 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ወደ 3.6 ዲግሪ ይጠጋል። ጤነኛው 11፣ ጀሶ የተፈታለት 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 29 ዲግሪ ገደማ ጎድሏል ማለት ነው፤ ደረጃ ሲወርድ ማነከሱ ከዚህ ይመጣል።

የእጅ ሥራው ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ታውቃለች። የደረቀ ቁርጭምጭሚትን የእግር ጣቶች ጋ ይዞ ወደ ላይ መግፋት ማጠፊያው የዛገን በር ጫፉን ይዞ እንደመጎተት ነው፤ ሳንቃው ይጣመማል እንጂ ማጠፊያው አይላቀቅም። የሚታጠፈው የእግር መሐል ይሆንና የውስጥ እግር ቅስት ይረግባል፤ ሰውየው ግን «እየተሻለኝ ነው» ይላል። ትክክለኛው ቦታ ታለስ የምትባለው፣ በቅልጥምና በተረከዝ አጥንት መካከል የተሰካችው አጥንት ናት። የላይኛው ገጿ ጎባጣ ስለሆነ እግር ወደ ላይ ሲታጠፍ እሷ ወደ ኋላ መንሸራተት አለባት። ጀሶ ውስጥ ሳምንታት የቆየ እግር የሚያጣው አንዱ ይህ መንሸራተት ነው።

አሠራሯ እንዲህ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፤ ተረከዙ ከአልጋው ጠርዝ ወጣ ይላል፤ ከቅልጥሙ ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይገባል። እግሩ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ዘንበል ብሎ ይያዛል፣ መገጣጠሚያው የሚላላው እዚያ ላይ ነውና። አንድ እጇ ከቁርጭምጭሚቱ ጉጦች በላይ ቅልጥሙን አልጋው ላይ አጽንቶ ይይዛል። የሌላው እጇ የአውራ ጣትና የሌባ ጣት መሐል ከጉጦቹ ፊት ዝቅ ብሎ ታለስ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ክንዷን አቅንታ በሰውነቷ ክብደት ወደ ወለሉ ትገፋለች። እጁ ሁለት ጣት ያህል ወደ ታች ከወረደ የምትገፋው ሌላ አጥንት ይሆናል። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ እየነቀነቀች ትሠራለች፤ ታሳርፋለች፤ 3 ወይም 4 ጊዜ ትደግማለች። ከዚያ ወዲያው ግድግዳው ጋ ተመልሳ ትለካለች። 1 ሳንቲ ሜትር ካልጨመረ አቅጣጫውን ወይም ኃይሉን ትቀይራለች እንጂ «ቀስ ብሎ ይሻልዎታል» ብላ አትሸኝም። እኛ ካመሰገንናት ነገር ሁሉ የሚበልጥብን ይሄ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ የኒውዚላንዱ ፊዚዮቴራፒስት ሙሊጋን ያስፋፋው፣ ግፊትና እንቅስቃሴ አንድ ላይ የሚሄዱበት ዘዴ ነው። ታካሚው የታመመውን እግር በርጩማ ላይ ያወጣል። ሰፊ ቀበቶ ከቅልጥሙ ኋላ፣ ከተረከዙ ከፍ ብሎ ይዞርና እሷ በወገቧ ወደ ፊት ትስበዋለች፤ በእጇ ደግሞ ታለስን ወደ ኋላ ይዛ ታቆያለች። እሱ ጉልበቱን በሁለተኛው ጣት አቅጣጫ ወደ ፊት ያስኬዳል፤ 10 ጊዜ፣ 2 ወይም 3 ዙር። ሕጉ አንድ ነው፤ ማመም የለበትም። ካመመ ቀበቶው ተጣሟል፣ ወይም ግፊቱ በዝቷል፣ ወይም ይህ ዘዴ ለዚያ እግር አይሆንም። ጥርስ ነክሶ መቻል እዚህ ዋጋ የለውም፤ ወንዶቻችን ይህን ለመቀበል ትንሽ ይቸገራሉ።

ኃይሉን በግምት አትመድበውም። አውስትራሊያዊው ሜትላንድ ባወጣው ደረጃ ነው የምትሠራው። ደረጃ 1 በእንቅስቃሴው መጀመሪያ ላይ ጥቂት መነቅነቅ ነው፤ 2 ሰፋ ያለ ግን ጫፍ የማይደርስ፤ 3 ሰፋ ብሎ ጫፍ ድረስ የሚሄድ፤ 4 ጫፉ ላይ ሆኖ ትንንሽ መነቅነቅ። 1 እና 2 ሕመም ለማስታገስ ናቸው፣ 3 እና 4 ግትርነትን ለማላቀቅ። 5 የሚባለው ፈጣኑ ግፊት ነው፣ እሱን በኋላ እናነሳዋለን። ለመምረጥ የምትጠቀምበት ምልክት ቀላል ነው፦ መገጣጠሚያውን ቀስ ብላ ስታንቀሳቅስ ግትርነቱ ጋ ሳትደርስ ሕመም ከቀደመ ዝቅተኛው ደረጃ፤ ግትርነቱ ቀድሞ ሕመሙ ስትጫነው ብቻ ከመጣ ከፍተኛው።

ይህ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው በደረቀ ትከሻ ላይ ነው። በሽታው በተለይ የስኳር ሕመምተኞች ላይ ይበዛል፤ ሳይወድቁ ሳይመቱ ትከሻ ቀስ በቀስ ይያዛል። መለያው ክንድን በጎን አስጠግቶ ወደ ውጭ ማዞር ከሁሉ አብልጦ መጥበቡ ነው፣ ከዚያ ወደ ጎን ማንሳት፣ ከዚያ እጅን ከጀርባ ማድረስ። በመጀመሪያው ጊዜ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም አለው። በዚህ ወቅት ትከሻውን መጎተት፣ «ይላቀቅ» ብሎ ወደ ላይ መወጠር ሕመሙን ያባብሳል። እሷ በዚህ ጊዜ ክንዱን ወደ ጎን 55 ዲግሪ ያህል ከፍ፣ ወደ ፊት 30 ዲግሪ ያህል መለስ አድርጋ ታሳርፈውና በደረጃ 1 እና 2 ብቻ ትነቀንቀዋለች። የሚያይ ሰው ምንም እየሠራች አይመስለውም። አስታማሚ «ይሄን ለመነካካት ነው ወይ ብር የከፈልን?» ሲላት አትቆጣም፤ «ዛሬ ማታ እንዴት እንዳደሩ ነገ ደውለው ይንገሩኝ» ትላለች። ሕመሙ ከሕክምናው በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልበረደ ወይም ሌሊቱን ከቀሰቀሰ፣ የሚቀጥለውን መጠን ትቀንሳለች።

የሌሊቱ ሕመም አልፎ ግትርነቱ ብቻ ሲቀር ወደ 3 እና 4 ትወጣለች። የክንዱ አጥንት ራስ ድቡልቡል ስለሆነ ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ ራሱ ወደ ታች መንሸራተት አለበት፤ ስለዚህ ከትከሻው ጫፍ አጥንት ለጥቆ ወደ እግር አቅጣጫ ትገፋዋለች። ወደ ውጭ ለማዞር ደግሞ፣ ድቡልቡሉ ራስ ከክንዱ እንቅስቃሴ በተቃራኒ ይንሸራተታል በሚለው የመማሪያ መጽሐፉ ሕግ፣ ወደ ፊት መግፋት ነበረባት። ብዙ ጊዜ የምትመርጠው ግን ወደ ኋላ መግፋትን ነው፤ በደረቀ ትከሻ ላይ ይህ ወደ ውጭ ማዞርን የተሻለ እንደሚከፍት በጥናትም ታይቷልና። ሲገፋ ቀጥ ብሎ ወደ ወለል አይደለም፤ የትከሻው ጎድጓዳ ወደ ፊት ዘንበል ያለ ስለሆነ ግፊቱ ወደ ኋላና በመጠኑ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከትከሻ አጥንቱ ሥር የታጠፈ ፎጣ ታደርጋለች፤ ያ ካልሆነ አጥንቱ አብሮ ይሄድና የተገኘ የሚመስለው እንቅስቃሴ ሐሰት ይሆናል። ስኳሩ ካልተስተካከለ ደግሞ የእጅ ሥራ ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ትከሻ ላይ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌም ለጥቂት ቀናት ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ መርፌ የወሰደ ሰው እንዲለካ ታሳስባለች።

የማትሠራውን ስለምታውቅም እናመሰግናታለን። ክርን አንዱ ነው። ክርኑ ተሰብሮ ወይም ወልቆ የደረቀበትን ልጅ ቤተሰብ ይዞ ይመጣና «በደንብ እሺልን፣ ዘርጊልን» ይላል። ክርን በኃይል ሲዘረጋና ሲታሽ ጡንቻው ውስጥ አጥንት ሊያበቅል ይችላል፤ ያኔ መድረቁ ይባስ ይሆናል። እሷ ልጁ ራሱ በጡንቻው እንዲያጥፍና እንዲዘረጋ ነው የምታደርገው፣ ቀን ላይ ደጋግሞ፣ ሕመም ሳይደርስበት። ወጌሻ ዘንድ ታስሮ የመጣ ካለ ከሁሉ በፊት ጣቶቹን ታያለች። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ጣቱን ሌላ ሰው ሲዘረጋለት የሚጮህ ከሆነ እስሩ ወዲያው ይላላል፣ ሰውየውም በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ጥቂት ሰዓት መዘግየት እጅ ያሳጣል። ወጌሻን ግን አትሳደብም፤ አሠልጥኖ አብሮ መሥራት ይሻላል ባይ ናት፣ እኛም እንስማማለን።

ወገብና አንገት ላይም እንዲሁ። ማታ ማታ የሚያልብ፣ ክብደት የቀነሰ፣ ትኩሳት ያለው፣ ተኝቶም የማይለቀው የወገብ ሕመም ያለበትን ሰው አትነካም፤ የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ብርቅ አይደለምና ለምርመራ ትልከዋለች። መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘው ወይም ሽንቱ የተያዘበት በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። አጥንቱ የሳሳ፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ያልተቋጠረ ስብራት ያለው ሰው ላይ ያ ፈጣኑ ግፊት፣ ደረጃ 5፣ አይሞከርም። አንገትን በድንገት ጠምዝዞ «ቀጭ» ማሰኘት ለብዙዎች የሕክምናው ማኅተም ይመስላል። ድምፁ በመገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለ የጋዝ ጉዳይ እንጂ የወጣ አጥንት ሲገባ የሚሰማ አይደለም፤ ባይሰማም ሕክምናው አልጎደለም። ፀጉር ቤት ተቀምጣችሁ አንገታችሁን አታስጠምዝዙ።

ጉድለት አይጠፋም። ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም፤ የቁርጭምጭሚት ታካሚ ክራንች ይዞ ደረጃ ሲወጣ ማየት ያስቃልም ያናድዳልም። ቀድሞ ለሚደውል ግን ሰው ትልካለች፣ ለማይችል ቤት ድረስ ትሄዳለች። መብራት የሚያበራ፣ የሚነዝር ማሽን የሚጠብቅ ሰውም ቅር ሊለው ይችላል፤ አልጋ፣ ቀበቶ፣ ፎጣና ሁለት እጅ ነው ያላት። የቤት ሥራ የማይሠራን ደግሞ ፊት ለፊት ነው የምትገስጸው፣ ቢሆንም በአክብሮት፦ «ጋሼ፣ እኔ ጋ ያሉት በሳምንት አንድ ሰዓት አይሞላም፤ የቀረው የእርስዎ ነው»። የተከፈተ እንቅስቃሴ በዚያው ቀን ካልተሠራበት ይመለሳልና እውነቷን ነው። ከቁርጭምጭሚት ሕክምና በኋላ የምታዘው ያንኑ የግድግዳ እንቅስቃሴ ነው፦ 10 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በቀን ሁለቴ፣ ተረከዝ ሳይነሳ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ ሳይወድቅ።

የምትሄዱ ሰዎች የራጅ ፊልማችሁንና ከሆስፒታል የተሰጣችሁን ወረቀት ያዙ፤ ብረት ከገባላችሁ መቼ እንደገባና ሐኪሙ ምን ያህል እንድትረግጡ እንደፈቀደ የሚናገረው ያ ወረቀት ነው። የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው አምጡ። ለጉልበትና ለቁርጭምጭሚት ቁምጣ ወይም ሰፊ ሱሪ፣ ለትከሻ ክንድ የሌለው ልብስ ይሻላል፤ ሴቶች ነጠላ ደርበው መምጣት ይችላሉ። ከዘጌና ከደሴቶቹ በጀልባ የምትመጡ ስትደውሉ ንገሯት፤ የመመለሻ ጀልባችሁ እንዳያመልጣችሁ የጠዋቱን ቀጠሮ ትሰጣችኋለች።