ዲኤክሴን ላዳኑልኝ የሶማሌ ተራው ጋሼ ምስጋና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ጠባብ በሆነች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሞተር ቴስታታ (ከሞተሩ ብሎክ በላይ የሚገጠመውን ክዳን) የሚያድሱ አንድ አባት አሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ «ሞተሩ አልቆለታል» ተብላችሁ ቤታችሁ የተቀመጣችሁ፣ ሳንቲም ከማውጣታችሁ በፊት እሳቸውን አማክሩ። ይህን የምጽፈው እኔ ያለቀስኩትን ሌላው እንዳያለቅስ ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት። አባቴ ጥሎልኝ ያለፈው ሀብት እሷ ናት። ሌሊት የጋገርነውን እንጀራ ንጋት ላይ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች የማደርሰው በእሷ ነው። እናቴን ለሕክምና ክትትል የማመላልሰውም በእሷ ነው። ሰው «ለምን ሸጠሽ ሌላ አትገዢም?» ይለኛል። በምን አቅሜ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ የመለዋወጫው ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። ለእኔ ቢጤው ያለችውን አስጠግኖ መያዝ ብቻ ነው የቀረው።

ነገሩ የጀመረው ከደሴ ስንመለስ ነው። ሸዋ ሮቢትን አልፈን የጣርማ በርን ዳገት ስንያያዘው የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። አቁመን፣ አቀዝቅዘን፣ ውሃ ጨምረን እንደ ምንም አዲስ አበባ ገባን። ከዚያ በኋላ ግን ሰላም የለም። ከሥሯ ጠብታ ሳይታይ ውሃዋ ይጎድላል፤ ጠዋት ስትነሳ ነጭ ጭስ ትለቃለች። የዘይቱን መሙያ ክዳን ስከፍተው ውስጡ ወተት የገባበት ቡና መስሏል።

የመጀመሪያው ጋራዥ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው» ብሎ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ ቀየረ፤ ከፈልኩ። ብዙም ሳትሰነብት እንደገና ፈላች። ልጠይቅ ስመለስ «አነዳድሽ ነው» ተባልኩ። ሌላው ዘንድ ስሄድ ጭራሽ ሊያናግሩኝም አልፈለጉም፤ «ወንድ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። ሊብሬው በስሜ ነው፣ ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ፣ ወንዱ ምን ሊያደርግላቸው ነው? ይህ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌላም ቦታ አለ፤ «ሞተሩ አብቅቶለታል፣ ሙሉ ሞተር ግዢ» ብለው ዋጋውን ሲነግሩኝ ጉልበቴ ከዳኝ። መኪናዬን ጎትቼ ሳወጣ ደግሞ ደህናው ካርቡራተሬ በሌላ ያረጀ ተለውጦ አገኘሁት። ማንንም በስም አላነሳም፤ እሱ የሥራቸውን ይስጣቸው። ነገር ግን በሰው እንጀራ እንዲህ መጫወት ግፍ ነው።

ስለ ጋሼ የነገረኝ ጎረቤቴ የሆነ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ያኔ የእቁብ ባልደረቦቼን ተለማምጬ ዕጣዬን አስቀድሜ ወስጃለሁ፤ ሐሳቤ ሌላ ቴስታታ ገዝቼ መገላገል ነበር። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት እኔን በርጩማ ስበው ማስቀመጥ ነው። ቀጥሎ ከአደጋዋ ቀን ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ጠየቁኝ። የትኛው ዳገት ላይ፣ ምን ያህል ከሄድሽ በኋላ፣ ውሃው ምን ዓይነት ነበር፣ ማን ከፈታው፣ በምን አጠበቀው። አላቋረጡኝም። ያን ሁሉ ቦታ ስዞር እንዲህ የጠየቀኝ አልነበረም።

ቴስታታው ተፈትቶ ታጥቦ ሲቀርብ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ፊቱ ላይ አጋደሙና ከኋላ ባትሪ አበሩበት። «ነይ ልጄ፣ በዓይንሽ እዪው» አሉኝ። ጎንበስ ብዬ ባይ መሀሉ ላይ ቀጭን ብርሃን ያልፋል። «ይኸውልሽ፣ ይህ አሉሚኒየም ነው፤ የታችኛው ብሎክ ብረት ነው። ሙቀት ሲበዛበት አሉሚኒየሙ ይጠማል። ጠማማ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ቢያስቀምጡት ምን ይፈይዳል?» አሉ። ቀዳዳዎቹን ደፍነው፣ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ አየር ሞሉበት። ከልጆቹ ጋር ሆነን አረፋ ይወጣ እንደሆነ ትንፋሻችንን ይዘን አየን። አንድም አልወጣም። «አልተሰነጠቀም፤ ይድናል» አሉኝ።

አሁን የምነግራችሁን ግን እባካችሁ ልብ በሉልኝ። ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ለእኔው መኪና የሚሆን፣ የታደሰ ቴስታታ ለሽያጭ ተቀምጧል። እኔም ገንዘቡን በቦርሳዬ ይዤ ቆሜያለሁ። «ያንን ይስጡኝና ልገላገል» አልኳቸው። እሳቸው ግን «የራስሽ እያለ ምን ያደርግልሻል? ገንዘብሽን ያዢ» ብለው እንቢ አሉኝ። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር! ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ፤ አመስግኜ ከፍዬ እሄድ ነበር። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል? ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በኋላ የሠሩትን በዝርዝር ልነግራችሁ አልችልም። ፊቱ በማሽን ተስተካከለ፣ ቫልቮች ተሞረዱ፣ የማላውቃቸው ትናንሽ ጎማዎች ተለወጡ። ራዲያተሩንም ከፍተው በዝገት የተደፈነውን አሳዩኝ፤ እሱ ሳይጸዳ መኪናዋን አንሰጥሽም አሉ። ሲገጥሙት ብሎኖቹን ከመሀል ጀምረው ወደ ዳር እየዞሩ፣ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ነበር። አንድ ልጅ ቸኩሎ ከዳር ሲጀምር ሁሉንም አስፈትተው እንደገና አስጀመሩት። የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ሁሉ በፌስታል አድርገው አስረከቡኝ። የከፈልኩት በጠቅላላው ለሙሉ ሞተር ከተጠየቅሁት ሩቡን እንኳ አይሞላም። የእቁቡን ትራፊ ለእናቴ መድኃኒት አዋልኩት።

ከዚያ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ሠርታለች። በቅርቡ እንጦጦን ወጥታ ስትመለስ መለኪያው ከመሀል ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ደግሞ ደውለው «ውሃዋ ጎደለ ወይ?» ብለው ጠይቀውኛል። ሠርቶ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ከዚያ ደውሎ የሚጠይቅ መካኒክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ። አብረዋቸው የሚሠሩት ልጆችም ተባረኩ፤ ዘይት የነካውን እጃችሁን ጠርጋችሁ ሻይ ያቀረባችሁልኝን አልረሳም።

እናንተም ሂዱ፤ ዲኤክስ፣ ሚኒባስ፣ ፒክአፕ፣ የትኛውም ያረጀ ሞተር ይሁን፣ ሂዱና አሳዩአቸው። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው፤ ይሆናል ካሉ ግን ይሆናል። ስልካቸውን በአደባባይ መለጠፍ ስላልፈለጉ በውስጥ መስመር ለጻፈልኝ እሰጣለሁ። ሰኞና ማክሰኞ ወረፋ ይበዛባቸዋልና ከረቡዕ ጀምሮ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል።