ፒያሳ ላይ የሚሰጠው የዴስክቶፕ ፕሮግራሚንግ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት

ስልጠናው ገንዘቡን የሚያወጣው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በተኑ ሲጫን መስኮቱ ለምን ስታክ ያደርጋል?

አሰልጣኙ ትልቅ ፋይል በዋናው ትሬድ (መስኮቱን በሚያንቀሳቅሰው የሥራ መስመር) ላይ የሚያነብ ኮድ ይሰጣል። ሰልጣኙ መጀመሪያ ኢቨንት ሉፑ (ክሊክንና የመሳል መልእክትን ተራ በተራ የሚያስተናግደው ዑደት) እንደታገደና መስኮቱን መልሶ የሚስለው መልእክት ወረፋ ላይ እንደቀረ ያስረዳል፤ ከዚያ ንባቡን ወደ ሌላ ትሬድ ያወጣል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ ከዚያው ከሌላኛው ትሬድ ሆኖ መስኮቱ ላይ ያለውን የሌብሉን ጽሑፍ ሊቀይር ይሞክራል። እንደ መስኮት መሥሪያው፣ የጃቫው ስዊንግ ላይ በኢንቮክ ሌተር፣ የማይክሮሶፍቱ ደብሊው ፒ ኤፍ ላይ በዲስፓቸር፣ የሲ ፕላስ ፕላሱ ኪውት ላይ በሲግናልና ስሎት ወደ ዋናው ትሬድ መመለስ አለበት። ደብሊው ፒ ኤፍ ወዲያው ኤረር ይጥላል፤ ስዊንግ ግን ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ «እኔ ጋ ሠርቷል» ጠያቂ ፊት መልስ አይሆንም።

ስልጠናው ኤም ቪ ቪ ኤም (መስኮቱን ከዳታውና ከሎጂኩ የሚለይ የኮድ አደረጃጀት) ላይ ስስ ነው። ኦብዘርቨብል ኮሌክሽን (ለውጡን ለመስኮቱ የሚያሳውቅ ዝርዝር) ዕቃ ሲጨመርና ሲቀነስ እንጂ የዕቃው ፕሮፐርቲ ሲቀየር እንደማያሳውቅ አይነሳም፤ ይህ ደግሞ የታወቀ ማጥመጃ ነው። የሌይአውት (የመስኮት አካላት አደራደር) ክፍለ ጊዜውንም ቢዘሉት የሚቀር ነገር የለም።

ክፍሉ ጄኔሬተር ስለሌለው ላፕቶፕ ሞልቶ መሄድ ነው።