ለጥንዚዛ ስንት ፎቅ? ሄርማታ ያሠራኋቸው አራት ሳጥኖች

ጅማ ውስጥ በርጩማ የሚሠራ አናጢ ሞልቷል። የጥንዚዛ ሳጥን የሚሠራልኝ ለማግኘት ግን ሦስት ሳምንት ዞሬአለሁ። በመጨረሻ ሄርማታ አካባቢ ዕድሜአቸውን በሙሉ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲጠርቡ ከኖሩ አዛውንት ጋር አንዱን ሳጥን በ1,800 ብር ተስማማን።

ሥራዬ ከቡና ጥላ ሥር የእበት ጥንዚዛ መሰብሰብና መለየት ነው። የፕላስቲክ ኩባያ አፉ ከመሬት እኩል እስኪሆን እንቀብራለን፤ ውስጡ የሳሙና ውኃ፣ ከላዩ በጨርቅ የተቋጠረ እበት። በማግስቱ የገባውን እንለቅማለን። እያንዳንዱ ጥንዚዛ በቀኝ የክንፍ ሽፋኑ በኩል በመርፌ ይወጋል፤ ግራው ሳይነካ ለምርመራ ይቀራል። ከሥሩ የተያዘበት ቦታና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይሰካል። ያ ወረቀት ከሌለው ለጌጥ እንጂ ለጥናት አይረባም።

መርፌው 38 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የሳጥኑ የውስጥ ጥልቀት 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን ብዬ ጽፌ ሰጥቼ ነበር፤ የመጀመሪያው 3.5 ሆኖ ጠበቀኝ። ከታች 1 ሴንቲ ሜትር ፎም ሲነጠፍበት መርፌው ክዳኑን አያስዘጋም። ስነግራቸው «ልጄ፣ ለጥንዚዛ ደግሞ ስንት ፎቅ ልሥራላት?» አሉኝ። አንድ መርፌ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ከእንጨቱ ጎን አቁመው አዩት፣ በጥፍራቸው ምልክት አደረጉ፣ ሳጥኑንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደገና ሠሩት። የምታሠሩ ሁሉ ቁጥር ከመጻፍ መርፌውን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁለተኛውን ልረከብ ስሄድ ጥቂት ጥንዚዛዎች ሰክቼ ለሙከራ ወስጄ ነበር። ረዳታቸው ቀንዳሙንና ቀንድ የሌለውን ጎን ለጎን አይቶ «ይህ በሬው፣ ይህቺ ላሟ» አለ። ሁለቱም ወንድ ናቸው፤ ዝርያቸውም አንድ ነው። ኦንቶፋገስ የሚባለው ወገን ከ2,000 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ በብዙዎቹ በትልነቱ እበት የጠገበ ወንድ ቀንድ ያበቅላል፣ ያልጠገበው ደግሞ ምልክት ብቻ ይቀርለታል። ቀንዳሙ የሴቲቱን ጉድጓድ በር ሲጠብቅ ቀንድ አልባው በጎን ሌላ መተላለፊያ ቆፍሮ ይገባል። ለዚህ ነው በቀንድ ብቻ የማንፈርደው፤ የወንዱን ብልት አውጥተን በማይክሮስኮፕ የምናየው። ይህን ስነግራቸው አዛውንቱ መላጊያቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «እንዲህ ያለ ሰው እኛም ሰፈር አለ» አሉ።

ወደ ሥራው ልመለስ። መጋጠሚያዎቹ ጥፍር አያስገቡም፤ በብርጭቆ ወረቀት የተላጉት ጠርዞችም እጅ አይወጉም። ቫርኒሹ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላም ይሸት ነበር። ከሁሉ የከፋው የአራተኛው ሳጥን ክዳን ነው፤ እንጨቱ በደንብ ሳይደርቅ ስለተሠራ በሐምሌ ዝናብ ተጣመመ። በአንዱ ማዕዘን በተከፈተው ስንጥቅ ጉንዳን ገብቶ ስድስት ጥንዚዛ በላብኝ። መርፌዎቹና ወረቀቶቹ ብቻ በሰልፍ ቆመው አገኘኋቸው። ናፍታሊን አስቀምጬ ነበር፤ ክዳኑ ካልገጠመ ምን ያደርጋል? ዘጠኝ ቀንም ዘግይተዋል።

ቢሆንም ክዳኑን ለውጠውልኛል፣ ሁለት ተጨማሪ ሳጥንም አዝዣለሁ፤ በዚህ ጊዜ እንጨቱ ከርሞ የደረቀ እንዲሆን ተነጋግረናል። ያችን መርፌ አልመለሱልኝም። ከመሮዎቻቸው ጎን ግድግዳው ላይ ተሰክታለች።