እናቴን «እስከ ዓርብ ውሰዱ» ስንባል ለደረሱልን እንባ ጠባቂ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በምንኖርበት ካውንቲ የነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መጦሪያና ማገገሚያ) ነዋሪዎች እንባ ጠባቂ ሆነው የሚሠሩትን ሴት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ወላጅ ነርሲንግ ሆም ያላችሁ ወገኖቼም እንዲህ ያለ ጠበቃ እንዳላችሁ እንድታውቁ እፈልጋለሁ። አገልግሎቱ በየግዛቱ «ሎንግ ተርም ኬር ኦምቡድስማን» ይባላል፤ ስትደውሉ በዚህ ስም ጠይቁ።

እናቴ የዳሌ አጥንቷ ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ለማገገሚያ ወደ ነርሲንግ ሆም ተዛወረች። ለዓመታት ሆቴል ውስጥ ሠርታ ግብሯን የከፈለች ሴት ናት፤ በዋናነት ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ አላት። ከወር በላይ እንደቆየች ቢሮ ተጠራን። «ለውጥ አታሳይም፤ ሜዲኬር ከዚህ በኋላ አይከፍልላትም፤ እስከ ዓርብ ውሰዷት» ተባልን፤ ያውም በቃል። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። እናቴ ያን ጊዜ ከአልጋ ወደ ወንበር ለመሸጋገር እንኳ ሁለት ሰው ያስፈልጋት ነበር።

እኛ ሐበሾች እዚህ ላይ የምንያዝበት ነገር አለ። እናትን ነርሲንግ ሆም ማስገባት ራሱ በዘመድ ፊት አንገት ያስደፋል። ስለዚህ «ውሰዱ» ስንባል «በምን ሕግ?» ብሎ ለመጠየቅ አፋችን አይከፈትም፤ ይሉኝታው ቀድሞን ማን ከሥራ እንደሚቀር እንማከራለን። ወንድሜ የሌሊት ሥራውን ሊለቅ ተነሥቶ ነበር። ሌላ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ረዳት ነርስ ሆና የምትሠራ አንዲት እህታችን እናቴን ልትጠይቅ መጥታ ነገሩን ስትሰማ፣ «ምንም ነገር ሳትፈርሙ እንባ ጠባቂዋ ጋር ደውሉ፤ ስልኩ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት» አለችን። መግቢያው አጠገብ ተለጥፎ አገኘነው።

ሴትዮዋ ሲመጡ እኛን ሰላም ብለው፣ «እኔ የምሠራው ለእናታችሁ ነው» አሉና ከእሷ ጋር ብቻቸውን ለመነጋገር ፈቃዷን ጠየቁ። በሩን ዘግተው በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ አስገቡ። እስከዚያች ቀን ድረስ የእናቴ ጉዳይ ሁሉ በእኛ በልጆቿ አፍ ነበር የሚያልፈው። ምን እንደምትፈልግ ጠየቋት። እሷም ቤቷ መግባት እንደምትፈልግ፣ ግን ደረጃውን በእግሯ መውጣት እስክትችል እዚያው ሆና ፊዚዮቴራፒዋን መቀጠል እንደምትመርጥ ተናገረች። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚህ በእሷ ቃል ላይ የቆመ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ከዚያ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች እንደተደበላለቁብን አስረዱን። የሜዲኬር ክፍያ መቆሙ ማን ይከፍላል የሚል ጥያቄ ነው፤ ከአልጋው ማስወጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ሜዲኬር ለማገገሚያ ቢበዛ እስከ 100 ቀን ይሸፍናል፤ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ታካሚው በየቀኑ ድርሻውን እየከፈለ። ሽፋኑ ሊቆም ሲል ቢያንስ ከ2 ቀን በፊት በጽሑፍ መነገር አለበት፤ አስቸኳይ ይግባኝም ይባልበታል፤ ጊዜው ግን በጣም አጭር ስለሆነ ደብዳቤው በደረሳችሁ ሰዓት ደውሉ። «ለውጥ አታሳይም» የሚለው ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፍርድ ቤት የጸደቀው፣ በሜዲኬር ጉዳይ በተነሣ ክስ የተደረሰበት የጂሞ ስምምነት፣ ያለችበት ጤንነት እንዳይብስ የሚደረግ የባለሙያ ሕክምናም ሊሸፈን እንደሚችል ግልጽ አድርጓል።

ማስወጣትን በተመለከተ በ1987 የወጣው የፌዴራል ሕግ የተወሰኑ ምክንያቶችን ብቻ ይፈቅዳል፤ ተቋሙ የነዋሪውን ፍላጎት ማሟላት ሲያቅተው፣ ነዋሪው ድኖ አገልግሎቱን የማይፈልግ ሲሆን፣ የሌሎች ደኅንነት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ተገቢው ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ክፍያ ሳይፈጸም ሲቀር፣ ወይም ተቋሙ ሲዘጋ። ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ማስታወቂያው ከ30 ቀን በፊት፣ በጽሑፍና ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ መሰጠት አለበት። ምክንያቱን፣ ቀኑን፣ የሚወሰድበትን ቦታና ይግባኝ የሚባልበትን መንገድ መግለጽ ይኖርበታል፤ ግልባጩም ለእንባ ጠባቂው ይላካል። ለእሳቸው የደረሰ ምንም ነገር አልነበረም። ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) ያመለከተ ሰው ወረቀቱን አሟልቶ ውሳኔ እየጠበቀ ሳለ «አልከፈለም» ተብሎ መውጣት እንደሌለበትም ነገሩን፤ ማመልከቻውን በዚያው ሳምንት አስገባን።

ከኃላፊዎቹ ጋር ስንሰበሰብ አብረውን ተቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ የጽሑፍ ማስታወቂያው የት እንዳለ ብቻ ጠየቁ። ጉዳዩ ችሎት ሳይደርስ የዓርቡ ነገር ቀረ። እናቴ ከወራት በኋላ የወጣችው እንደ ሕጉ ነው፤ ዎከሯ (ይዛው የምትራመደው መደገፊያ) ቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ ቤት የምትመጣው ነርስ ተቀጥራ፣ የመድኃኒቷ ዝርዝር በአማርኛ ተነግሯት። ሰውን ከነርሲንግ ሆም ማስወጣት እንዲህ መሆን አለበት።

እንባ ጠባቂዎች ዳኞች አይደሉም፤ ተቋሙን መቅጣትም አይችሉም። ግን ሕጉን ያውቁታል፣ ይመጣሉ፣ ያለ ነዋሪው ፈቃድም ምንም አያደርጉም፤ ምስጢር ይጠብቃሉ፤ ገንዘብ አይቀበሉም። ከ1978 ጀምሮ እያንዳንዱ ግዛት ይህ አገልግሎት እንዲኖረው የፌዴራል ሕግ ያስገድዳል። ቨርጂኒያም ሆናችሁ ሚኒሶታ ወይም ቴክሳስ፣ ግድግዳው ላይ ስልኩን ካላገኛችሁት የኤልደርኬር ሎኬተር ነጻ መስመር 1-800-677-1116 የአካባቢያችሁን ቢሮ ይጠቁማችኋል። በነርሲንግ ሆም የምትሠሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ግራ የተጋባ ቤተሰብ ስታዩ ያንን ስልክ አሳዩአቸው፤ ለእኛ የደረሰችልን ያቺ እህታችንም እግዚአብሔር ይስጥልን።