169.254 ስላያችሁ ብቻ የኔትወርክ ካርድ አትግዙ

ድሬዳዋ መጋላ ውስጥ በሁለት ኮምፒውተር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ሁለቱም የሚሠሩት እንደ ዊንዶውስ ባለው በሊኑክስ ነው። ያልተበላሸ ዕቃ ተበላሽቷል ተብዬ 5,200 ብር ስለከፈልኩ፣ ሌላው ሸማች ከመክፈሉ በፊት ነገሩን እንዲያውቀው እጽፋለሁ።

አንድ ጠዋት በዋናው ኮምፒውተር ላይ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልኬ ግን በዚያው ቤት በዋይፋይ ይሠራ ነበር። ከዚራ ካለ የጥገና ሱቅ የመጣው ባለሙያ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) ዝርዝር አወጣና በ169.254 የሚጀምረውን ቁጥር በጣቱ እየነካ «ይኸውልዎት፣ ካርዱ ሞቷል፤ ይህ የሐሰት አይፒ ነው» አለኝ። ከሥሩ በኤፍኢ80 (fe80) የሚጀምረውን መስመር ደግሞ ቫይረስ ያመጣው አደረገው። ካርዱ ለምን እንደሞተ ስጠይቅ መልሱ ዝግጁ ነበር፦ «ጋሼ፣ የድሬ ሙቀት እኮ ካርድ አይምርም!» ኮምፒውተሩ በባጃጅ ሄዶ በማግስቱ ተጨማሪ ካርድ ተሰክቶለትና «ቋሚ አይፒ» በእጅ ተሞልቶለት ተመለሰ። ለካርዱ 3,700፣ ለአይፒው 1,500 ብር ከፈልኩ።

በዘጠነኛው ቀን እንደገና ጠፋ። ኮምፒውተሩ አሁን 192.168.1.50 የሚል ደንበኛ የሚመስል አድራሻ ይዞ ተቀምጧል፣ ግን የትም አይደርስም። ሁለተኛውን ኮምፒውተር ስከፍት፣ ማንም ያልነካው ካርዱ ያንኑ 169.254 ያሳያል። እሱንም ሙቀት ገደለው ልበል? የመጀመሪያውን አድራሻ በራሱ እንዲያገኝ ወደ አውቶማቲክ ስመልሰው፣ 3,700 ብር የወጣበት አዲስ ካርድም 169.254 ያዘ፤ አንዱ ሌላውን «አለህ ወይ?» ብሎ በሚጠይቅበት በፒንግ ትእዛዝ ስሞክራቸውም ሁለቱ እርስ በርስ ያለችግር ተነጋገሩ።

ይህ አድራሻ ሊንክ ሎካል ይባላል፤ ሰፈር የሚያውቀው፣ ቀበሌ ግን ያልመዘገበው ስም እንደማለት ነው። ኮምፒውተሩ ዲኤችሲፒ በሚባለው የአድራሻ ማደያ ሥርዓት አማካይነት ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ራውተሩን፣ አድራሻ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ፣ እንደኔ ዲኤችሲፒሲዲ የሚባለው ፕሮግራም ያለበት ሊኑክስ ከ169.254.1.0 እስከ 169.254.254.255 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ መርጦ፣ «ይህን የያዘ አለ ወይ?» ብሎ ሽቦው ላይ ከጠየቀ በኋላ ዝም ከተባለ ለራሱ ይወስደዋል። ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አርኤፍሲ 3927 በሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ የተደነገገ እንጂ ሐሰት አይደለም፤ ራውተር ግን ይህን አድራሻ ወደ ውጭ አያሳልፈውም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የመጣ 169.254 የሚመሰክረው ካርዱ በሕይወት መኖሩን፣ ከአንድ ነገር ጋርም በሽቦ መገናኘቱን ነው። ካርድ ወይም ከእሱ የሚወጣው ኬብል የሚያስጠረጥረው በአድራሻው ዝርዝር ላይ «ኖ ካሪየር» (NO-CARRIER፣ በሽቦው ምልክት የለም) የሚል ጽሑፍ ሲወጣ ነው። ኤፍኢ80 ደግሞ አይፒቪ6 (IPv6) የሚባለው አዲሱ የአድራሻ ዓይነት በበራበት ማንኛውም ጤነኛ ካርድ ላይ ይገኛል፤ ቫይረስ ነው የሚላችሁን ሰው ኮምፒውተራችሁን አታሸክሙት።

የእኔ ኮምፒውተሮች ችግር ጠረጴዛው ሥር ነበር። ሁለቱ ኮምፒውተሮች የሚሰኩት ስዊች በምትባል ኬብሎችን የምታገናኝ አንዲት ትንሽ ሳጥን ላይ ነው፤ የእነሱ መብራቶች ይበራሉ፣ ከስዊቿ ወደ ራውተሩ የሚሄደው ኬብል ያለበት ግን ጨልሟል። የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ መቆለፊያ ተሰብራ ኬብሉ ግማሽ ወጥቷል። ገፋ ሳደርገው ሁለቱም ወዲያው ከራውተሩ አድራሻ ተቀበሉ። «ሞቷል» በተባለው በነባሩ የማዘርቦርድ ሶኬት ላይ ስሰካም እንዲሁ። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ሲመልስ ጠረጴዛውን ስቦ ኬብሎቹን ነካክቶ ነበርና፣ ያን ዕለት ኢንተርኔቱን የመለሰው ካርዱ ሳይሆን ያ መነካካት ይመስለኛል።

ከሁለቱ ክፍያዎች ይልቅ የከነከነኝ «ቋሚ አይፒው» ነው። በእጅ የተሞላ አድራሻ ራውተር ኖረም አልኖረም ሳይለወጥ ስለሚቀመጥ፣ ችግሩን የሚናገረውን ምልክት ሸፍኖብኛል። ራውተሩ ያንኑ ቁጥር ለሌላ መሣሪያ ቢያድለው ደግሞ ሁለቱ ይጋጫሉ። ከራሳችሁ ራውተር በነፃ የምታገኙትን የቤት ውስጥ ቁጥር በ1,500 ብር አትግዙ።

እንዲህ ያለ ቁጥር ሲገጥማችሁ በመጀመሪያ ኬብሉን እስከ ራውተሩ ድረስ ተከተሉ፤ ሌላ ኮምፒውተር ካላችሁ በዚያው ኬብል ሞክሩ። ካርድ መለወጥ አለበት የሚላችሁ ባለሙያ አሮጌው አለመሥራቱን እፊታችሁ ያሳያችሁ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ለሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቷል። ደረሰኝም ሳትይዙ አትክፈሉ። እኔ የያዝኩት ማኅተም የሌለው የእጅ ጽሑፍ ብቻ ስለነበረ፣ ሱቁ ከረጅም ክርክር በኋላ 1,500 ብሩን መልሶልኝ ካርዱን ግን አልቀበልም ብሏል።