አንድ ገጽ ለሦስት ዓይነት ተማሪ፦ ኦክስፎርድ ፒክቸር ዲክሽነሪ በጎልማሶች ክፍል

የማታ እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ «ኤ፣ ቢ፣ ሲ»ን ገና ያልለየ ጎልማሳና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሰዋስው የሚያውቅ፣ ለመናገር ግን አንደበቱ የሚታሰር ሰው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለሁለቱም የሚሆን አንድ መጽሐፍ ከተፈለገ ይህ የአሜሪካ እንግሊዝኛ የሥዕል መዝገበ ቃላት ያዋጣል። ሦስተኛው እትም ቤት፣ ምግብ፣ ጤና፣ ሥራ ፍለጋ እያለ በ12 ምዕራፍ ከ4,000 በላይ ቃላት ይዟል። ሥዕሎቹ ውስጥ ዕቃው በቁጥር፣ ድርጊቱ በፊደል ተለይቷል። «ቁጥር ሰባት የቱ ነው?» ሲባል ማንበብ የማይችለውም ጣቱን ያሳርፋል፤ ትልቁ ጥቅሙ ይኸው ነው።

የፋርማሲውን ገጽ እንውሰድ። ለመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ቃላቱ በወረቀት ተሸፍነው ሁሉም ሥዕሉን ብቻ እያዩ የሚያውቁትን ይናገሩ። ቀጥሎ ለ20 ደቂቃ ሥራውን ይለያዩት። ጀማሪዎቹ ስድስት ቃል ብቻ ሰምተው ይጠቁሙ፣ ይገልብጡ። መካከለኞቹ የመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎቹን ይያዙ፤ «ከምግብ ጋር ይውሰዱ»፣ «አልኮል አይጠጡ» የሚሉት ስለሆኑ ትእዛዝና ክልከላ እዚያው ይለመዳል። የበረቱት ቃላቱን እንደሸፈኑ የፋርማሲስትና የታማሚ ምልልስ በስምንት መስመር ይጻፉ። በቀሩት 15 ደቂቃዎች ያቀላቅሏቸው፦ የበረታው ፋርማሲስት፣ ጀማሪው ታማሚ። ጀማሪው ከስድስቱ ቃል ሁለቱን በቦታቸው ከተጠቀመ በቂ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገጹን ከላይ እስከ ታች በአንድ ድምፅ ሲያስደግሙት ነው። ፊደል በዜማ የቆጠረ ሰው ቅደም ተከተሉን ቶሎ በቃሉ ይይዛል፤ ቁጥር ዘለው ሲጠይቁት ግን ይጠፋበታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን እያዘበራረቁ ይጠይቁ። የበረታውን ተማሪ ሁልጊዜ አስተርጓሚ ማድረግም ሁለቱንም ይጎዳል፦ አንዱ ይሰለቻል፣ ሌላው እንግሊዝኛውን መስማት ይተዋል።

አማርኛ ተናጋሪዎች ከቃሉ በላይ አነባበቡን በፊደል ይጽፋሉ። ለመነሻ አይከፋም፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ «አፍ» እና «አይጥ» የሚባሉት ሁለቱም «ማውስ» ተብለው ይጻፋሉ። የመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ምላስ በጥርሶች መሃል እንደሚወጣ አስተማሪው አፉን እያሳየ ካላስረዳ ስሕተቱ ይተከላል። ሳድስ ፊደልም አንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዴ ሳይዝ ስለሚነበብ «ስክሪን» የሚለው «ሲኪሪን» ሆኖ ይወጣል። መጽሐፉ አነባበብ የሚያሳየው ከኋላ ባለው ማውጫ በልዩ ምልክት ነው፤ ለጀማሪ ምንም አይረዳውም።

ሰዋስው ከዚህ መጽሐፍ አይጠበቅም፤ ለብቻው መታቀድ አለበት። ለንደን ላለ ክፍልም አልመክረውም። ሱሪን «ፓንትስ» ይላል፤ ቃሉ በእንግሊዝ የውስጥ ሱሪ ነው፣ በእኛም «ፓንት» ማለት ያው ስለሆነ ተማሪው ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አሜሪካ ላለ ክፍል ግን ይግዙት። የአረብኛና የስፓኒሽ ትርጉም ያላቸው እትሞች ቢኖሩም የተለያየ አገር ሰው የተሰበሰበበት ክፍል በእንግሊዝኛ ብቻ የታተመውን ይያዝ፤ የአማርኛውን ፍቺ ተማሪው ራሱ በእርሳስ ይጻፍበት። ለሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ እንዲያውም ሲጋሩት የግድ ይነጋገራሉ።