የሚታጠፍ ማነጣጠሪያ፦ ፕላስቲኩ ይሻላል ወይስ ብረቱ?

ሬድ ዶት፣ መስታወቱ ላይ ቀይ ነጥብ የሚያሳየው የጠመንጃ ማነጣጠሪያ፣ ባትሪ ይበላል። ባትሪው ሲያልቅ ወይም መስታወቱን ጭቃ ሲሸፍነው ቀዩዋ ነጥብ ድርግም ትላለች። የሚታጠፈው ማነጣጠሪያ ለዚያን ጊዜ የተቀመጠ ሻማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ይቆያል፤ ሲፈለግ ብድግ ይላል።

ወደ ንጽጽሩ ሳንገባ፣ እንደ እኔ አዲስ አበባ ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። እኛ ጋ የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው የሚተዳደረው፤ ፈቃድ የግድ ነው። «ትንሽ ፕላስቲክ ናት» ብላችሁ ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አታስጨምሩ። ቦሌ ላይ የሚጨነቀው እሱ ነው። ይህን የምጽፈው በሕጋዊ መንገድ ጠመንጃ ላላቸው፣ በተለይ እዚያው አሜሪካ ኤአር-15 የሚባለውን ጠመንጃ ይዘው ዒላማ ለሚተኩሱ ወገኖች ነው።

ብዙ ሰው የሚያማርጠው ማግፑል የሚባለውን የአሜሪካ ፋብሪካ ሁለት ሥራዎች ነው። አንዱ ኤምባስ የሚባለው ፕላስቲክ፣ ሌላው ኤምባስ ፕሮ የሚባለው ብረት። ፕላስቲኩ የፊትና የኋላው ተጣምሮ 100 ዶላር ገደማ ነው። ብረቱ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ክብደትን በተመለከተ፣ ከፕላስቲኮቹ አንዳቸውም 40 ግራም አይሞሉም፤ ጠመንጃው ላይ መኖራቸውንም ትረሳላችሁ።

ፕላስቲኩ ስፕሪንግ አለው። ጎኑን ጫን ስትሉት ቀጭ ብሎ ይቆማል። ሲቆም ግን አይቆለፍም። ከነገር ጋር ሲጋጭ ይታጠፍና ስትለቁት ይመለሳል። አንዳንዱ ይህን እንደ ድክመት ያየዋል፤ እኔ ግን ከሚሰበር ቢታጠፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ብረቱ ስፕሪንግ የለውም፣ በጣት ነው የሚነሳው። ሲታጠፍ ከፕላስቲኩ የበለጠ ይተኛል፣ ቁመናውም ቀጠን ያለ ነው። ሲቆም የሚቆለፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ ትሮይ የሚባለው ፋብሪካ የሚሠራቸውን የብረት ማነጣጠሪያዎች እዩ።

ዋናው ልዩነት ሙቀት ላይ ነው። የፊተኛው ማነጣጠሪያ ጋዝ ብሎኩ ላይ፣ ማለትም የተኩሱን ጋዝ የሚቀበለው ብረት ላይ፣ የሚገጠም ከሆነ ፕላስቲክ አይሆንም፤ ፋብሪካውም አይመክርም። ከአፈሙዙ በኩል የሚመጣው ጋዝ ያንን ብረት እጅ እስኪያቃጥል ያግለዋል። ዳላስ ያለው የአክስቴ ልጅ በቴሌግራም የሁለቱንም ፎቶ ልኮልኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ብረቱ አይሻልም?»

«ጋዝ ብሎክ ላይ ነው የምትገጥመው?»

«አይ፣ የፊት መያዣው መግጠሚያ ሐዲድ (ሬል) ላይ።»

«እንግዲያው ፕላስቲኩን ግዛና በቀረህ ገንዘብ ጥይት ግዛ።»

አቋሜ ይኸው ነው። በርካሽ ዋጋ ለአሻንጉሊት ጠመንጃ የተሠሩትን ቅጂዎች ግን ዝር እንዳትሉባቸው።

ክላሽ የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር የሚለው የኋላ ማነጣጠሪያው ቀዳዳ ነው። የክላሽ የኋላ ማነጣጠሪያ ከዓይን ራቅ ብሎ የተቀመጠ ከላይ ክፍት የሆነ ጎድጓዳ ነው፤ ሦስት ነገር ታስተካክላላችሁ፦ ጎድጓዳውን፣ የፊቱን ምሰሶና ዒላማውን። ኤአር-15 ላይ የኋላው ቀዳዳ ዓይን አጠገብ ነው። ቀዳዳውን አትዩት፤ በውስጡ እዩበት። ምሰሶው ጫፍ ላይ ብቻ ስታተኩሩ ዓይን ራሱ መሀል ያደርገዋል። ለእኛ አገርም እንግዳ ነገር አይደለም። አፍንጮ በር መታሰቢያ ያላቸው የቃኘው ዘማቾች በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ሄደው የተዋጉበት ኤም 1 ጋራንድ የኋላ ማነጣጠሪያው እንዲሁ ቀዳዳ ነው።

ሁለቱም ኤምባሶች ትልቅና ትንሽ ቀዳዳ አላቸው። ትልቁ ለቅርብና ለደብዛዛ ብርሃን፣ ትንሹ ረጋ ብሎ ለመተኮስ። ትንሹ ሌላም ጥቅም አለው። ቀይ ነጥቧ ተበታትና ወይም ጭራ አውጥታ የምትታያችሁ ከሆነ በትንሹ ቀዳዳ በኩል እዩዋት። ክብ ሆና ከጠራች ችግሩ ያለው ዓይናችሁ ላይ ነው። ሬድ ዶቱን ከመመለሳችሁ በፊት የዓይን ሐኪም ጋ ጎራ በሉ።

ሬድ ዶት ሳይሆን የሚያቀርብ መነጽር ለገጠመ ሰው ነገሩ ይለያል። መነጽሩ መንገዱን ስለሚዘጋ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ያዘነበለ ማነጣጠሪያ ነው የሚያዋጣው። ጠመንጃውን ትንሽ ዘንበል አድርጎ ማየት ነው። ሬድ ዶት ላለው ግን ትርፍ ወጪ ነው።

አገጣጠሙ ላይ፣ የኋላውን ወደ ሰደፉ፣ የፊቱን ወደ አፈሙዙ በተቻለ መጠን አርቁት። ርቀታቸው በሰፋ ቁጥር ስህተቱ ይጠባል። የፊት መያዣችሁ ሲጫኑት የሚወዛወዝ ከሆነ ግን የቱም ማነጣጠሪያ አያድናችሁም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰንፋል። ገጥሞ፣ አጥፎ፣ ይረሳዋል። ሳይስተካከል የተቀመጠ ማነጣጠሪያ ጌጥ ነው። መጀመሪያ ጥይት እንደሌለው አረጋግጣችሁ ሬድ ዶቱን አጥፉ። ከዚያ ተኩስ ሜዳ ላይ በ25 ሜትር ጀምሩ። ጥይቱ ዝቅ ብሎ ከመታ የፊቱን ምሰሶ ዝቅ አድርጉ፣ ከፍ ካለ ከፍ አድርጉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፣ ግን እንዲያ ነው። ግራና ቀኝ የሚስተካከለው ከኋላው ነው፤ የኋላውን ጥይቱ እንዲሄድ ወደምትፈልጉበት ግፉት። ከዚያ በ100 ሜትር አረጋግጡ።

ኤአር-15 ላይ ማነጣጠሪያው ከአፈሙዙ መስመር 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ጥይቱ ካነጣጠራችሁበት ዝቅ ብሎ ቢመታ ምሰሶውን አትነካኩ። ካስተካከላችሁ በኋላ ማስተካከያው ላይ በጥፍር ቀለም ትንሽ መስመር አስምሩ፤ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ በዓይን ይታያል።